ቅዱሱ ወንዝ ተዘግቶ ደረስኩ

ከባቡር ጣቢያው የወሰደኝ የባጃጅ ሾፌር እንግሊዝኛ ከእኔ ሂንዲ ቢሻል በትንሹ ነው። «ጋንጋ» አልኩት፣ በእጄ ወደፊት እየጠቆምኩ። ራሱን ግራና ቀኝ አወዛወዘና «ጋንጋ ክሎዝድ» አለኝ። መንገዱ የተዘጋ መሰለኝ። ሱቅ ይዘጋል፣ ባንክ ይዘጋል፣ መንገድማ በየሳምንቱ ይዘጋል። ወንዝ ይዘጋል ብሎ የሚያስብ ግን ማን አለ?

ደረጃዎቹ ላይ ስደርስ ገባኝ። ሃር ኪ ፓውሪ በሚባለው፣ የሂንዱ ምዕመናን ከየአገሩ መጥተው በሚታጠቡበት በዚያ ዝነኛ ስፍራ፣ በፎቶ የማውቀው ሰፊና ፈጣን ውሃ አልነበረም። የወንዙ ወለል ተገልጦ ይታያል። ጠጠር፣ ጭቃ፣ የበሰበሰ አበባ፣ የተቀዳደደ ጨርቅ፣ ላስቲክ። በመሀል ቀጠን ያለ ውሃ ይፈሳል። ሕፃኑም አዋቂውም ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን እየበረበረ ሳንቲም ይለቅማል። ምዕመናን ዓመቱን ሙሉ ወደ ውሃው የወረወሩት ስለት ነው።

በየዓመቱ እንዲህ ይሆናል። ዱሴራ ከሚባለው በዓል ማግስት እስከ ዲዋሊ፣ ሃያ ቀን ለሚጠጋ ጊዜ የመስኖ መሥሪያ ቤቱ የቦዩን በር ይዘጋል። ደለል ይጠረጋል፣ የብረት በሮች ይጠገናሉ፣ ከዚያ ውሃው ይለቀቃል። እኔ የደረስኩት በመካከሉ ነው። ቅዱስ ወንዝ ለማየት አምስት ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዤ ጥገና ላይ አገኘሁት።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ወንዙን ሞልቶ ባየው ኖሮ የማልጠይቀውን ጥያቄ ጠየቅሁ። ሚሊዮኖች «እናታችን» የሚሉትን ወንዝ የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው? ስንት ውሃ እንዲፈስስ የሚወስነውስ?

*

ወደ ሕንድ የሄድኩት ለጉብኝት አልነበረም። አጎቴ የልብ ቀዶ ጥገና ለማድረግ ዴልሂ ሲሄዱ አስታማሚ ሆኜ ነው የተከተልኳቸው። የእኛ ሰው ሕንድን የሚያውቃት ብዙ ጊዜ በሪፈር ወረቀት በኩል ነው። ዘመድ ያዋጣል፣ መኪና ይሸጣል፣ ፌስቡክ ላይ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይለጠፋል። ከዚያ ሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ከአገር ቤት በመጣ ሽሮ ሳምንታት ይገፋሉ።

አጎቴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እሳቸውን ጂኦግራፊ ያስተማሯቸው ደግሞ ሕንዳዊ ነበሩ። የዚያ ዘመን ተማሪ ሁሉ የሚያነሳው አንድ የሕንድ መምህር አያጣም። ቀዶ ጥገናው በሰላም አልፎ፣ ማገገም ሲጀምሩ አላስቀምጥ አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ እዚህ ተጎልተህ ስልክ ከምትነካካ ሂድና ጋንጅስን አይተህልኝ ና። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲስሉት ጠመኔው እስኪያልቅ ነበር።» ልጃቸውን አጠገባቸው ትቼ የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ሃሪድዋር «የሃሪ በር» ማለት ነው። ሃሪ ከቪሽኑ ስሞች አንዱ ነው። ስሙ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር ይገጥማል። ባጊራቲ እና አላክናንዳ የሚባሉት ወንዞች ከሂማላያ ወርደው ዴቭፕራያግ ላይ ሲገናኙ ጋንጋ የሚለውን ስም ይይዛሉ። ጋንጋ ደግሞ ተራራውን ጨርሶ ወደ ሰፊው የሰሜን ሕንድ ሜዳ የሚወጣው ሃሪድዋር ላይ ነው። ከበረዶው እስከ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ 2,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከተማዋ ታላቁ የኩምብ ሜላ በዓል በየ12 ዓመቱ ከሚከበርባቸው አራት ስፍራዎች አንዷ ናት።

ጸበል ቦታ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ከተማዋ እንግዳ አይደለችም። በሩ ላይ ነዳያን አሉ። ጸጉራቸው የተገመደ፣ አመድ የተቀቡ ባሕታውያን አሉ። የአበባና የዕጣን ሻጭ አለ። ከሁሉ በላይ ጀሪካን አለ። እኛ ጸበል በሃይላንድ እንደምንይዘው፣ እነሱም የጋንጋን ውሃ ቀድተው የሚወስዱበት ፕላስቲክ በየሱቁ ደጃፍ እንደ ሽንኩርት ተንጠልጥሎ ይሸጣል። መምጣት ለማይችል ደግሞ የሕንድ ፖስታ ቤት ከ2016 ጀምሮ የጋንጋን ውሃ አሽጎ ይሸጣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥጋና መጠጥ በቅዱሱ ስፍራ ዙሪያ ክልክል ነው። ዕለቱ ረቡዕ ነበርና «እንኳንም ጾመኛ ከተማ ገባሁ» ብዬ ተደሰትኩ። ምሳ ሲቀርብልኝ ግን ሁሉም በቅቤ፣ በወተትና በአይብ የተጥለቀለቀ ነው። ሥጋ አለመብላትና መጾም ለካ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን የመሰለ ልዩነት በኋላም ከወንዙ ጋር በተያያዘ ገጥሞኛል።

*

ከሰዓት በኋላ ከደረጃው ጀርባ ባለ ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ካህን አገኘሁ። ፓንዳ ይባላሉ፤ ከእንስሳው ጋር አይምታታባችሁ። ሥራቸው መዝገብ መያዝ ነው። ረጅም፣ ጠባብ፣ እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለሉ መዝገቦች አሏቸው። ሰው የሟች ዘመዱን አመድ ወንዙ ላይ ለመበተን ሲመጣ የቤተሰቡን ፓንዳ ይፈልጋል። ፓንዳውም የአያት ቅድመ አያቱን ስም አውጥቶ ያሳየዋል፣ የሞተውን ይመዘግባል፣ የተወለደውን ይጨምራል። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ቤት ንብረቱን ትቶ የሸሸ ሰው ሳይቀር የዘር ሐረጉን እዚህ ማግኘት ይችላል።

ስለ መዝገቡ ብዙ ጠየቅኋቸው፣ በትዕግሥት መለሱ። በመጨረሻ የውሃውን ጉዳይ አነሳሁ። ቆሻሻ አይደለም ወይ አልኳቸው። አልተቆጡም። «ጋንጋ እናት ናት» አሉኝ። «እናት ልጇን ስታጥብ ትቆሽሻለች። ትረክሳለች ማለት ግን አይደለም።»

ንጽሕናና ቅድስና በእነሱ አነጋገር ሁለት ናቸው። ንጽሕና የዓይንና የላቦራቶሪ ጉዳይ ነው። ቅድስና የማይጎድል ነው። የኡታራካንድ ግዛት የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በ2024 መጨረሻ የሃሪድዋር ውሃ ለመታጠብ እንጂ ለመጠጥ እንደማይሆን አስታውቋል። ምዕመኑ ግን ሦስት ጊዜ ጠልቆ ሲወጣ በእፍኙ ጎንጨት ይላል። የቦርዱ ሪፖርት ስለ ንጽሕና ነው፣ እሱ የሚጠጣው ቅድስናን ነው።

ይህን ስጽፍ ለማሾፍ አይደለም። ጸበል ሲጠጣ ያደገ ሰው የሌላውን እፍኝ የሚያይበት ዓይን ትሑት ሊሆን ይገባል። የምከራከረው ከእምነቱ ጋር ሳይሆን ከእምነቱ ተመንዝሮ ከሚወጣው አንድ ሰነፍ ሐሳብ ጋር ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ቅዱስ የሆነ ነገር ራሱን ይጠብቃል። እናት ሁሉን ትችላለች። ስለዚህ የእኛ ድርሻ መስገድ ብቻ ነው።

*

ሃሪድዋር ውስጥ ይህ ሐሳብ በተግባር የተፈተነበት ታሪክ አለ።

ወንዙ የሚዘጋው ቦይ ስላለ ነው። ቦዩ ደግሞ የተቆፈረው ሰው ስለተራበ ነው። በ1837 እና 1838 ሰሜን ሕንድን የመታው ረሃብ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ፈጀ። ከዚያ በኋላ ፕሮቢ ኮትሊ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ የጋንጋን ውሃ ከሃሪድዋር ጠልፎ ወደ ደረቁ ሜዳ የሚወስድ ቦይ ነደፈ። ቁፋሮው በ1842 ተጀምሮ ቦዩ በ1854 ተከፈተ። ዛሬም የምዕራብ ኡታር ፕራዴሽ ገበሬ ስንዴውንና ሸንኮራውን የሚያጠጣው በዚሁ ውሃ ነው። የዴልሂ ከተማም ከመጠጥ ውሃዋ ከፊሉን ከዚሁ ቦይ ታገኛለች።

የሃሪድዋር ካህናት ገና ከጅምሩ ተቃወሙ። የታሰረ ውሃ ጋንጋ አይደለም አሉ። ኮትሊም ውሃ ሳይገደብ የሚያልፍበት ክፍተት ተወላቸው። ነገሩ ለስድሳ ዓመት ያህል በዚሁ ረገበ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቅኝ ገዥው መንግሥት አዲስና ጠንካራ ግድብ ልሥራ ሲል ግን ክርክሩ እንደገና ነደደ። በዚህ ጊዜ ተቃውሞውን የመሩት ፓንዲት ማዳን ሞሃን ማላቪያ ነበሩ። የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲን የመሠረቱት ሰው ናቸው።

ማላቪያ ያደረጉትን ልብ በሉ። ወደ ሃሪድዋር መጥተው መታጠብና መጸለይ ብቻ ይችሉ ነበር። ወይም ሕዝቡን አስነስተው ግድቡ ይፍረስ ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። መሳፍንት፣ የሃይማኖት አባቶች፣ መሐንዲሶችና የእንግሊዝ ሹማምንት ተሰብስበው በታኅሣሥ 1916 አንድ ስምምነት ላይ ደረሱ። ወደ ሃር ኪ ፓውሪ በሚወስደው መስመር በሰከንድ ቢያንስ 1,000 ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። በእኛ መለኪያ በሰከንድ 28 ሺህ ሊትር ገደማ ማለት ነው። የሂንዱ ማኅበረሰብ ሳይመክርበትም ይህ አይለወጥም።

«ጋንጋ ቅድስት ናት» የሚለው አረፍተ ነገር በሰከንድ 28 ሺህ ሊትር ተብሎ ተተረጎመ። ገበሬውም ስንዴውን አላጣም፣ ምዕመኑም ወንዙን። ማንም መቶ በመቶ ያሸነፈ የለም። ሰነዱ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ይጠቀሳል። በዚያ ወቅት እንኳ ካህናቱ «ውሃው ከሚገባው በታች አነሰ» ብለው ሲያማርሩ የሚያነሱት ቅዱስ መጽሐፋቸውን ብቻ ሳይሆን የ1916ቱን ወረቀት ነው። ሽማግሌው ፓንዳም ለእኔ የጠቀሱልኝ ይህንኑ ነበር። የማያምን መንግሥት ቅዱስ መጽሐፍን ላይፈራ ይችላል። የፈረመውን ወረቀት ግን ቢያንስ ማስተባበል ይኖርበታል።

*

ወረቀት ወንዝን ሊጠብቅ የሚችለውን ያህል ሊገድለውም ይችላል። ይህንንም ሃሪድዋር አይታለች።

ከወንዙ ዳር 200 ሜትር ውስጥ እንዳይገነባ የሚከለክል ትእዛዝ ከአካባቢ ፍርድ ቤት ወጥቶ ነበር። በሃር ኪ ፓውሪ ዙሪያ ያለው ሆቴልና ሕንፃ ሁሉ ስጋት ላይ ወደቀ። የግዛቱ መንግሥት በ2016 ያገኘው መፍትሔ ይገርማል። በሃር ኪ ፓውሪ የሚያልፈው ውሃ ጋንጋ ሳይሆን «ማስተንፈሻ ቦይ» ነው ብሎ በደብዳቤ አወጀ። ወንዝ ካልሆነ 200 ሜትሩ አይመለከተውም። የዓለም ሂንዱ የሚሰግድለት ውሃ በአንድ ማኅተም ከወንዝነት ተሰረዘ። ካህናቱ ለዓመታት ከተቃወሙ በኋላ ውሳኔው የተሻረው በ2020 ነው። ያን ያህል ዓመት ምዕመኑ ሲታጠብ የነበረው በመንግሥት አቋም ጋንጋ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ነው።

ፍርድ ቤትም ሞክሯል። የኡታራካንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ጋንጋና ያሙና እንደ ሰው መብት ያላቸው ሕጋዊ አካላት ናቸው ብሎ ፈረደ። ዓለም አጨበጨበ። የግዛቱ መንግሥት ግን ወንዙ አጥለቅልቆ ሰው ቢሞት ካሣ የሚከፍለው ማን ነው የሚል ዓይነት ጥያቄ ይዞ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ፍርዱ ታገደ። ወንዝን «ሰው» ማለት ቀላል ነው። በወንዙ ስም የሚጠየቅ ሰው ማግኘት ነው ከባዱ።

ገንዘብም አልጎደለም። በ1986 ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ ወንዙን የማጽዳት ዘመቻ ባናራስ ላይ ጀመሩ። ናሬንድራ ሞዲ ሥልጣን ሲይዙ በ2014 ናማሚ ጋንጌ የሚባል 200 ቢሊዮን ሩፒ የተመደበለት ፕሮግራም ተከተለ። ከዚህ ገንዘብ ፍሬ የታየበት አለ። ሃሪድዋር ዳርቻ ጃግጂትፑር ላይ በ2020 የተመረቀው የማጣሪያ ጣቢያ በቀን 68 ሚሊዮን ሊትር ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ይህን ሳየው ገረመኝ። ከተማዋ ውስጥ ቤተ መቅደስ በቤተ መቅደስ ላይ አለ። እኔ ግን ለጋንጋ የተሠራ ቤተ መቅደስ ምረጥ ብባል ያንን የፍሳሽ ማጣሪያ የምመርጥ ይመስለኛል። ማንም ሻማ አያበራለትም፣ ማንም ፎቶ አይነሳበትም፤ ሥራው ግን በየቀኑ እናትን ማጠብ ነው።

*

ስለ አንድ ሰው ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ይለኛል።

ጂ ዲ አግራዋል መሐንዲስ ነበሩ። ካንፑር ባለው የቴክኖሎጂ ተቋም አስተምረዋል። የሕንድ ማዕከላዊ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። በስተርጅና ደግሞ መነኮሱ፤ ስማቸውም ስዋሚ ሳናንድ ተባለ። እኚህ ሰው መለኪያ የሚያውቁ ምእመን ነበሩ። የሚጠይቁት «ጋንጋን አክብሩ» የሚል ደፈናዊ ነገር አልነበረም። በላይኞቹ ገባር ወንዞች ላይ አዲስ ግድብ እንዳይሠራ፣ ሃሪድዋር አካባቢ ከወንዙ ውስጥ አሸዋና ድንጋይ ማውጣት እንዲቆም፣ ወንዙን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ነበር የጠየቁት።

መሣሪያቸው ጾም ነበር። በቀድሞዎቹ ጾሞቻቸው መንግሥትን አንበርክከዋል። ባጊራቲ ላይ ሊሠራ የተጀመረው የሎሃሪናግ ፓላ ግድብ በ2010 የተሰረዘው በእሳቸው ግፊት ነው። ሰኔ 22 ቀን 2018 ሃሪድዋር ባለው ማትሪ ሳዳን ገዳም እንደገና ጾም ጀመሩ። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ። ሳምንታት አለፉ፣ ወራት አለፉ። መንግሥት በጥቅምት መጀመሪያ ወንዙ በየወቅቱ ሊኖረው የሚገባውን ዝቅተኛ ፍሰት የሚደነግግ ማስታወቂያ አወጣ። እሳቸው በቂ አይደለም አሉ። ጥቅምት 11፣ በ111ኛው ቀን፣ በ86 ዓመታቸው ሞቱ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሐዘናቸውን ገለጹ።

ከዚሁ ገዳም ኒጋማናንዳ የተባለ ወጣት መነኩሴም የወንዙን ማዕድን ቁፋሮ ተቃውሞ ሲጾም በ2011 ሞቷል።

ይህን ታሪክ ሳነብ ያደርኩት በዚያው ከተማ፣ ከደረቀው ወንዝ ሁለት መቶ ሜትር በማይርቅ ክፍል ውስጥ ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሚሊዮኖች በአንድ ቀን የሚታጠቡበት ወንዝ ነው። ሚሊዮኖች «እናቴ» ይሉታል። ለእናታቸው ሕግ ይውጣ ብሎ 111 ቀን የጾመው ሽማግሌ ግን በሩ ላይ ሚሊዮን ሰው አልቆመለትም። ከሚሊዮኖቹ ውስጥ መቶ ሺህ ያህሉ ለአንድ ቀን ጀሪካናቸውን አስቀምጠው «በሰከንድ ስንት ሊትር?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ሽማግሌው የሚሞቱ አይመስለኝም።

የእኔ ክርክር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ለወንዝ የሚጠቅመው ፍቅር ቁጥር ያለው ፍቅር ነው። የማላቪያ ፍቅር ቁጥር ነበረው፤ ስለዚህ ከመቶ ዓመት በኋላም ወንዙ በተዘጋበት ወቅት ቀጠን ያለች ውሃ አየሁ። የአግራዋልም ፍቅር ቁጥር ነበረው፤ ሰው ግን አልነበረውም። የሕዝቡ ፍቅር ደግሞ ሰው አለው፣ ቁጥር የለውም። «እናት» የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራኛል። በዚህ ዓለም ያለ ክፍያ፣ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ጥያቄ ቆሻሻችንን ሁሉ የምታጥብ ማን ናት ቢባል መልሱ እናት ነው። ወንዝን እናት ስንል አንዳንዴ ልናከብረው ሳይሆን እንደ እናቶቻችን ልናደርገው ነው።

«የግድብ ተቃዋሚ ሆንክ እንዴ?» የሚለኝ አይጠፋም። አልሆንኩም። ረሃብን ከሰሚ በላይ ከምታውቅ አገር የመጣ ሰው የኮትሊን ቦይ ለመርገም አፍ የለውም። የ1916ቱ ስምምነት የሚያስተምረውም ይህንን ነው። ቦዩም ይኑር፣ ወንዙም ይኑር፣ መጠኑ ግን ይጻፍ።

*

አሁን ወደ ቤት ልመለስ፤ ብዙ አልቆይም።

ኦሪት ዘፍጥረት ከኤደን የሚወጡ አራት ወንዞችን ይቆጥራል። ግዮን የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው ነው፤ እኛም ዓባይ ነው እንላለን። የመጀመሪያው ፊሶን ነው። የጥንቱ አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን እያልን የምናውቀው ሳይሆን ፍላቪየስ ጆሴፈስ፣ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ፊሶንን ጋንጅስ፣ ግዮንን ዓባይ ብሎ ጽፏል። መልክዓ ምድሩን ጂኦግራፊ አያጸድቀውም፤ አጎቴም አይፈርሙበትም። እኔ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሁለቱን ወንዞች እንደ ወንድማማች ሳስባቸው ዋልኩ።

እኛም ሰከላ ላይ የግዮንን ምንጭ እንሳለማለን፣ ጸበሉን በሃይላንድ ቀድተን እንወስዳለን። እኛም ዘፍነንለታል። ግድቡን ለመሥራት ከደመወዛችን ቆርጠናል፤ መሠረቱ በ2011 ተጥሎ በ2025 ተመርቋል። ያ ቁጥር ያለው ፍቅር ነበር። ሜጋ ዋቱን፣ ሜትር ኪዩቡን፣ የቦንዱን ብር ሁላችንም በቃላችን እናውቅ ነበር።

በዚያው በ2011 ግን ጣና ላይ እምቦጭ መታየቱ ተነገረ። ስለ እምቦጩ በቃላችን የምናውቀው አንድ ቁጥር አለ? ዘንድሮ ስንት ሄክታር ነው? ማን ይለካዋል? ለማን ሪፖርት ያደርጋል? ጥር 11 ውሃ ይባረካል፣ እልል እንላለን፣ እንረጫለን። ጥር 13 ስለዚያው ከተማ ወንዝ የሚጠይቅ ማነው? የአዲስ አበባ ሰው አቃቂን ሲሻገር አፍንጫውን ይይዛል። ስንት ሊትር ፍሳሽ፣ ከየትኛው ፋብሪካ፣ በማን ፈቃድ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አላየሁም።

የሚሆን ነገር እንደሆነም እናውቃለን። የሰሜኑ ተራራ ሲራቆት አገር በቀሉ ዛፍ የቀረው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ዛፎቹን ያቆያቸው ቅድስናው ብቻ አይደለም። ቅጥር ነበረው፣ መቁረጥ ክልክል ነበር፣ የቆረጠ ይጠየቅ ነበር። እምነቱ ሕግ ሆኖ ነበር። ወንዙ ግን ቅጥር የለውም። ቅጥሩ መሆን የሚችለው የተጻፈ መጠንና የሚጠየቅ ሰው ነው።

*

ማታ ለጸሎቱ ተመልሼ ወረድኩ። ውሃ ቢጎድልም ጸሎቱ አልቀረም። ካህናቱ ባለ ብዙ ነበልባል መቅረዝ ይዘው አወዛወዙ፣ ደወል ተደወለ፣ ሕዝቡ ዘመረ። አንዲት አሮጊት በቅጠል የተሠራች ትንሽ ጀልባ ውስጥ አበባና መብራት አድርገው ቀጭኗ ውሃ ላይ አስቀመጧት። ትንሽ ሄደችና ጠጠር ላይ ተቀመጠች። ቀን ሳንቲም ሲለቅም ያየሁት ልጅ ይሁን ሌላ እንጃ፣ አንድ ልጅ ሮጦ አነሳትና ጥልቅ ወዳለው አድርሶ ለቀቃት። አሮጊቷ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑት።

በማግስቱ ዴልሂ ተመለስኩ። አጎቴ ትራስ ተደግፈው ይጠብቁኛል። «አየኸው?» አሉኝ።

«ዘግተውት ነበር ጋሼ።»

«ወንዝ ይዘጋል እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቦዩን፣ ረሃቡን፣ 28 ሺህ ሊትሩን፣ ሽማግሌውን መሐንዲስ። ዝም ብለው ሰሙኝ። የዴልሂ ከተማ ከፊሉን የቧንቧ ውሃ ከዚያ ቦይ እንደምታገኝ ስነግራቸው ግን ሳቁ፣ ቁስሉን በእጃቸው ደግፈው። «ታዲያ እኔ ወር ሙሉ በጋንጅስ ስታጠብ ነበራ!»

ምናልባት አዎ አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉና እንደ ድሮ መምህርነታቸው ጠየቁኝ። «በሰከንድ ስንት አልክ?»

ደገምኩላቸው። ነርሷ መድኃኒት የምትመዘግብበትን ወረቀት ገልብጠው ጀርባው ላይ ጻፉት።